የቀረችው ጠብታ፦ በጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚደረግ የሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ምርመራ

(ኩየራ ላይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው የጤና ባለሙያዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ፋኩልቲያችን የዘንድሮውን ንግግር ከግቢው አውጥቶ ኩየራ ላይ እንዲቀርብ በመወሰኑ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ስለ ሕፃናት ሕመም ለመነጋገር ይህች ከተማ እንግዳ ቦታ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2008 በደረሰው የምግብ እጥረት ወቅት ድንበር የለሽ ሐኪሞች ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናትን የሚያክሙበት ማዕከል የከፈቱት እዚሁ ነበር። ያን ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። የዚያ ወቅት ሕመም ለዓይን ይታይ ነበር፤ የሕፃኑን ክንድ መለካት ብቻ ይበቃ ነበር። ዛሬ የማነሣው ሕመም ግን ካልፈለጉት የማይታይ፣ ተፈልጎም ጊዜው ካለፈ ብዙ የማይጠቅም ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። በሕክምና ማይክሮባዮሎጂ ዶክትሬቴን ከመሥራቴ ብዙ ዓመታት በፊት በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙ ሆስፒታሎች በአንዱ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነበርኩ። አንድ ቀን ማለዳ ከሕፃናት ክፍል አንዲት ትንሽ ቱቦ መጣች። የአንድ የ14 ቀን ሕፃን የጀርባ ውሃ ነበር። ቱቦዋን ይዘው የመጡት የሕፃኑ አያት ናቸው፤ ነርሷ እጅ አጥሯት ልካቸው ነው። «ልጄ፣ ቶሎ እየው፤ ጡት ከተወ ሁለት ቀኑ ነው» አሉኝ። ትኩሳት የለውም፤ ሰውነቱም ንጹሕ ነው፤ ቀኝ እጁ ብቻ አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል።

ሕዋሳቱን ቆጠርኩ። ነጭ የደም ሕዋሳቱ ለዚያ ዕድሜ ከሚጠበቀው በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ሊምፎሳይት ናቸው። ቀይ የደም ሕዋሳትም ነበሩበት፤ «መርፌው የደም ሥር ነክቶ ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። በግራም ቀለም አቅልሜ አየሁ፤ ምንም አላገኘሁም። በውጤት ወረቀቱ ላይ «ባክቴሪያ አልታየም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በቱቦዋ ውስጥ ሩብ ሚሊ ሊትር የምታህል ፈሳሽ ቀርታ ነበር። በረኪና ውስጥ ደፋኋት።

ሕፃኑ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን እየተወጋ ቆይቶ በ4ኛው ቀን ሞተ። መዝገቡ ላይ የተጻፈው «የጨቅላ ሕፃናት ሴፕሲስ» የሚል ነው። ማንም ደንብ አልጣሰም። እኔ የጻፍኩትም እውነት ነበር፤ ባክቴሪያ አልታየኝም። ክፍሉ ግን ያቺን መስመር «የአንጎል ኢንፌክሽን የለም» ብሎ አነበባት፤ እኔም እንደዚያ እንደምትነበብ አውቅ ነበር። የአያትየው ከንፈር ጥግ ላይ ቅርፊት የያዘ ምች እንደነበረ ትዝ ያለኝ ከዓመታት በኋላ፣ ስለዚህ ቫይረስ በደንብ ሳነብ ነው። ያ ሕፃን በሄርፒስ ሞተ አልልም። ያን ለማለትም ሆነ አይደለም ለማለት የማልችለው ጠብታዋን ስለደፋኋት ነው።

ምች ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሄርፒስ የሚለው ስም ለብዙ ሰው ባዕድ ነው፤ ምችን የማያውቅ ግን የለም። ፀሐይ የመታው ወይም በላቡ ላይ ነፋስ ያገኘው ሰው ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣበት «ምች መታው» እንላለን፤ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። በእርግጥ ምች የሚለው ቃል ትኩሳቱንና ራስ ምታቱንም ስለሚያጠቃልል ምች የተባለ ሁሉ ሄርፒስ አይደለም። ከንፈር ላይ የሚወጣው ሽፍታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ዓይነት 1 ሥራ ነው። ቫይረሱ አንድ ጊዜ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ብርቱ ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል። እናቶቻችን ፀሐይን መጠርጠራቸው ስሕተት አልነበረም። ዓይነት 2 የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው በብልት አካባቢ የሚቀመጥ ነው፤ ስለ እርሱ ማንም በአደባባይ አያወራም፤ ሕፃናትን በመጉዳት ረገድ ግን በአፍሪካ ዋናው እርሱ ነው።

ወደ ሕፃኑ የሚደርሰው እንዴት ነው? ከመቶ 85 ያህሉ በምጥና በወሊድ ጊዜ፣ ከእናቲቱ ብልት ፈሳሽ ነው። 5 ያህሉ ገና በማሕፀን ሳሉ ይያዛሉ። ቀሪዎቹ 10 ከወሊድ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ምች ካለበት ሰው አፍ ይያዛሉ። አራስ ጠያቂ በሚበዛበት፣ ገንፎው በሚበላበት፣ ማርቃው በሚቀርብበት ቤት ሕፃን ሳይስሙ መውጣት እንደ ነውር በሚቆጠርበት አገር ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ከንፈሩ ላይ ምች ያለበት ሰው ሕፃኑን እንዳይስም መምከር ምንም ወጪ የለውም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ከሌላው ምክር ጋር ቢያክሉት ደስ ይለኛል።

የእናቲቱ ታሪክ ግን አያስተማምንም። ከእነዚህ ሕፃናት እናቶች አብዛኞቹ ሽፍታ ኖሯቸው አያውቅም፤ ወይም ኖሯቸው አላወቁትም። አደጋው የሚብሰው ደግሞ በእርግዝናዋ መጨረሻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘችው ላይ ነው። ለዓመታት ቫይረሱን የተሸከመች እናት ፀረ እንግዳ አካሏን በእንግዴ ልጁ በኩል ለጽንሱ ታወርሰዋለች፤ በድጋሚ የተቀሰቀሰባት እናት ለልጇ የምታስተላልፍበት ዕድል ከ2 ከመቶ በታች ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘችው ግን ለልጇ የምታወርሰው መከላከያ ገና አላዘጋጀችም፤ የማስተላለፍ ዕድሉ ከ25 እስከ 60 ከመቶ ይደርሳል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ትልቅ ጥናት በምጥ ላይ ሳሉ ቫይረሱ የተገኘባቸው 202 እናቶችን ተከታትሎ 10 ሕፃናት መያዛቸውን አሳይቷል። በቀዶ ሕክምና ከወለዱት 85 እናቶች ልጆች የተያዘው 1 ብቻ ሲሆን በተፈጥሮ መንገድ ከወለዱት 117 እናቶች ልጆች ግን 9 ተይዘዋል።

ሕመሙ በሕፃኑ ላይ ሦስት መልክ አለው። ከግማሽ በጥቂቱ በሚያንሱት በቆዳ፣ በዓይንና በአፍ ብቻ ይወሰናል። ሲሶ ያህሉን አንጎል ላይ ያጠቃል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ይመጣል። ሩብ ያህሉ ላይ ደግሞ ጉበትን፣ ሳንባንና ሌሎችንም አካላት ያዳርሳል። ተማሪዎች ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ «ሽፍታ የለውም፤ ስለዚህ ሄርፒስ አይደለም» የሚለው አባባል ሕፃን ይገድላል። አንጎላቸው ወይም መላ ሰውነታቸው ከተጠቃ ሕፃናት ብዙዎቹ አንዲት ውሃ የቋጠረች ሽፍታ እንኳ ሳትወጣባቸው ይሞታሉ። የሚታየው ጡት መተው፣ መፍዘዝ፣ የእርግብግቢት መወጠር፣ መንቀጥቀጥ፣ የሰውነት መቀዝቀዝ ነው። ይህ ሁሉ የባክቴሪያ ሴፕሲስም ምልክት ነው። ልዩነቱን የሚናገረው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጠረጴዛ ልመለስ።

በሳይንስ ታሪክ ይህ ሕመም መጀመሪያ የታወቀው ከሬሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ሐስ የተባለ የፓቶሎጂ ሐኪም ያለ ጊዜው ተወልዶ በሞተ ሕፃን ጉበትና አድሬናል ዕጢ ውስጥ የቫይረሱን አሻራ አይቶ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት የአንጎል ሄርፒስን በእርግጠኝነት ለማወቅ ከአንጎል ቁራጭ መውሰድ ያስፈልግ ነበር። ካሪ ሙሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 የፈለሰፈው ፒ.ሲ.አር ይህን ለወጠው። በ1995 የታተመ ጥናት የጀርባ ውሃን በፒ.ሲ.አር መመርመር ከአንጎል ቁራጭ ምርመራ ጋር የሚቀራረብ መልስ እንደሚሰጥ አሳየ፤ ያን ጊዜ ጀምሮ አንጎል መክፈት ቀረ። ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ይበቃል። እኔ የደፋኋትን ያህል።

ታዲያ ከተጠረጠረ ሕፃን ምን ይወሰዳል? ሽፍታ ካለ መጀመሪያ እርሱን። ትኩሱ ፊኛ ይፈነዳና ሥሩ በስዋብ ይታሻል፤ ከላይ የወጣው ፈሳሽ ብቻ አይበቃም፤ ቫይረሱ ያለው በሥሩ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ሽፍታ ቢኖርም ባይኖርም ከዓይን ሽፋን ውስጥ፣ ከአፍ፣ ከጉሮሮና አፍንጫ መገናኛ እና ከፊንጢጣ ይወሰዳል። አንድ ስዋብ ብቻ ካለ በዚሁ ቅደም ተከተል ይጠቀሙበታል፤ ፊንጢጣው የመጨረሻ ይሆናል፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልገኝም። ከዚያ ደም፣ ከዚያ የጀርባ ውሃ። የጉበት ኢንዛይም የሆነው ኤ.ኤል.ቲ. በየሆስፒታሉ የሚሠራ ተራ ምርመራ ነው፤ ሴፕሲስ በተባለ ሕፃን ላይ ከፍ ብሎ ከተገኘ ቫይረሱን ማሰብ ይገባል።

እናትየው ሽፍታ ይዛ ወልዳ ሕፃኑ ደኅና ቢመስል ግን ናሙናው ከተወለደ 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ ይወሰዳል። ቀድሞ የተወሰደ ስዋብ በሕፃኑ ቆዳ ላይ የቀረውን የእናቱን ፈሳሽ ሊያሳይ ይችላል፤ ከአንድ ቀን በኋላ የሚገኘው ግን ቫይረሱ በሕፃኑ በራሱ ላይ እየተራባ መሆኑን ይናገራል። የታመመ ሕፃን ላይ ይህ አይሠራም፤ ለታመመ ሕፃን ናሙናው የሚወሰደው አሁን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ለላቦራቶሪ ተማሪዎች ነው፤ ሌሎቻችሁ ታገሡኝ። የእንጨት ዘንግ ያለውን ተራ የጥጥ ስዋብም ሆነ ካልሲየም አልጂኔት የሚባለውን አትጠቀሙ፤ ፒ.ሲ.አርን ያደናቅፋሉ። በኮቪድ ጊዜ አፍንጫችሁ ውስጥ የገባው ሰው ሠራሽ ጫፍ ያለው የፕላስቲክ ዘንግና የተነከረበት የቫይረስ ማጓጓዣ ፈሳሽ ለዚህም ያገለግላሉ። ደሙን አረንጓዴ ክዳን ባለው ቱቦ አትቅዱ፤ በውስጡ ያለው ሄፓሪን ምርመራውን ያፍነዋል። ሐምራዊውን ያዙ። ደም የተቀላቀለበት የጀርባ ውሃም እንዲሁ የሐሰት «ኔጋቲቭ» ሊያመጣ ይችላልና በወረቀቱ ላይ ደም እንደነበረበት ጻፉ። የጀርባ ውሃው ለሕዋስ ቆጠራና ለግራም ከመዋሉ አስቀድሞ ትንሹ ድርሻ ንጹሕ ቱቦ ውስጥ ይገለል፤ ሁሉም እጅ ከነካው በኋላ የሚቀረውን መላክ የሌላ ናሙና ብክለት አብሮ መላክ ነው።

አሁን የማይጠቅሙትን ልናገር። ሽፍታውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ የታንክ ምርመራ የሚባለው፣ ርካሽና ፈጣን ቢሆንም ብዙ ያመልጠዋል፤ ሄርፒስን ከኩፍኝ መሰሉ ጉድፍና ከአልማዝ ባለጭራ ቫይረስም አይለይም። ከዚህ የከፋው የፀረ እንግዳ አካል የደም ምርመራ ነው። «ቶርች» የሚባለውን ምርመራ በብዙ ገንዘብ አሠርተው ወረቀቱን ይዘውልኝ የመጡ ወላጆች አሉ። የሕፃኑ አይ.ጂ.ጂ. «ፖዘቲቭ» ነው፤ ቤተሰቡ አልቅሷል። ያ ፀረ እንግዳ አካል የእናትየው ነው፤ በእንግዴ ልጁ በኩል የተሻገረ። እንዲያውም ቀደም ብዬ እንዳልኩት የመከላከያ ስጦታ ነው። አይ.ጂ.ኤም. የሚባለውም በዚህ ዕድሜ አያስተማምንም። ወላጆቹ የከፈሉት ገንዘብ ለሕፃኑ ሕክምና የሚጨምረው ነገር የለም።

ፒ.ሲ.አርም ቢሆን ነቢይ አይደለም። ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተቀዳ የጀርባ ውሃ «ኔጋቲቭ» ሆኖ ከቀናት በኋላ የተቀዳው «ፖዘቲቭ» ሊሆን ይችላል። የሕፃኑ ሁኔታ ሄርፒስን የሚመስል ከሆነ አንዲት «ኔጋቲቭ» ወረቀት ሕክምናውን አታስቆምም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ዳግመኛ ይቀዳል። «አልተገኘም» እና «የለም» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ለመማር እኔ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

«ይህ ሁሉ ለብርቅ በሽታ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከባልደረቦቼም ሰምቼዋለሁ። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የዓለም ግምት በየዓመቱ 14 ሺህ ያህል ሕፃናት እንደሚያዙ ይናገራል፤ ይህም ከ100 ሺህ ወሊድ 10 ያህሉ ማለት ነው። በአገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ፤ በዚሁ ሒሳብ 300 እና ከዚያ በላይ ይሆናሉ። በ2019 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ደግሞ በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያውን ወር አይሻገሩም፤ በዓመት ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሞት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነፍሰ ጡር፣ እያንዳንዱ አራስ ልጅ ይመርመር አልልም። ያ ብክነት ይሆናል። እኔ የምለው በ6 ሳምንት ዕድሜ ውስጥ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የወጣበት፣ ወይም ጉበቱ የተጎዳ፣ ወይም ከየትም የሚደማ፣ ወይም ባክቴሪያ ሳይገኝበት በ48 ሰዓት አንቲባዮቲክ ያልተሻለው ሕፃን ይመርመር ነው። እነዚህ ጥቂት ናቸው። ግምቱም ቢሆን በአብዛኛው የተሰላው ከአዋቂዎች የደም ጥናትና በአሜሪካ ከተገኘው የመተላለፍ መጠን ነው፤ እኛ ካልመረመርን ቁጥራችንን ሌላ አገር እያሰላልን ይኖራል።

ደግሞም ይህ በሽታ መድኃኒት አለው። መላ ሰውነት ከተጠቃ ያለ ሕክምና ከመቶ 85 ያህሉ፣ አንጎል ከተጠቃ ግማሹ ይሞታል። አሲክሎቪር በቂ መጠን ሲሰጥ የመጀመሪያው ወደ 30፣ ሁለተኛው ወደ 5 ከመቶ ይወርዳል። መጠኑ በኪሎ በቀን 60 ሚሊ ግራም፣ በ3 ተከፍሎ በደም ሥር ነው፤ ለቆዳው ዓይነት 14 ቀን፣ ለሌሎቹ 21 ቀን። አንጎሉ የተጠቃ ሕፃን ሕክምናው ሊያበቃ ሲል የጀርባ ውሃው እንደገና ይመረመራል፤ ቫይረሱ ካልጠፋ መርፌው ይቀጥላል። ከዚያም በኋላ ለ6 ወር የሚዋጥ አሲክሎቪር ይሰጣል፤ አንጎላቸው ተጠቅቶ የተረፉት በዚህ የተሻለ እንደሚያድጉ በ2011 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በየፋርማሲው የሚገኘው ኪኒን ግን መርፌውን አይተካም፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው። መርፌው በየሆስፒታሉ መደርደሪያ ላይ አለመኖሩን አውቃለሁ፤ ላቦራቶሪው «አለ» ብሎ የሚያሳየው በሽታ ከሌለ ግን ግዢ ክፍል ምን ብሎ ይግዛ?

ውጤቱ እስኪመጣ አይጠበቅም። ናሙናው ተወስዶ አሲክሎቪሩ በዚያው ሰዓት ይጀመራል፤ ውጤቱ የሚወስነው ማቆምን ነው። ስለዚህ ምርመራው እዚህ ኩየራ ላይ አይሠራም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ናሙና ይጓዛል። ከኤች.አይ.ቪ. ፖዘቲቭ እናቶች የተወለዱ ሕፃናትን ለመመርመር የ6 ሳምንት ሕፃን ተረከዝ ተወግቶ ደሙ በወረቀት ላይ ይደርቅና ወደ ክልሉ ላቦራቶሪ፣ ወደ አዳማ፣ ይላክ የለ? አርሲ ነገሌን፣ ባቱን፣ መቂን፣ ሞጆን አልፎ የሚሄደው መንገድ ያው ነው። እርግጥ የሄርፒስ ስዋብ እንደ ደረቀው ደም ፖስታ ውስጥ አይገባም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የክትባት ሣጥንና የበረዶ ከረጢት ግን በየጤና ጣቢያው አለ። በመድረሻውም ላይ ኮቪድ ትቶልን የሄደው ብዙ የፒ.ሲ.አር ማሽን ክፍት ነው፤ የሄርፒሱ ፕራይመርና ሬጀንት ከተገዛለት ይሠራል። ለቲቢ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት ግን አምራቹ ባዘጋጀው ካርትሪጅ ብቻ የሚሠራ ዝግ መሣሪያ ነው፤ በእርሱ አትመኩ።

ሬጀንቱ እስኪገዛ ድረስስ? ጠብታዋ ፍሪዘር ውስጥ ትቀመጥ። ስሟ፣ ቀኗና ሰዓቷ ተጽፎባት፣ በአንዲት ትንሽ ሣጥን። ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ብቻ ይቅር። እኔ በማስተምርበት ክፍል ካለፈው ሴሚስተር ጀምሮ ተማሪዎቼ የጀርባ ውሃ ሲመረምሩ የውጤት ወረቀቱ ላይ ሁለት ተጨማሪ መስመር ይሞላሉ። አንደኛው «ለቫይረስ አልተመረመረም» ይላል። ሁለተኛው «የቀረ ናሙና፦ ስንት፣ የት» ይላል። ወረቀቱን አባዝቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ከኋላ በኩል አንዲት ተማሪ ቀደም ሲል ጀምሮ እጇን አንሥታለች፤ በእርሷ እንጀምር።